ሜሪላንድ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህር ለመሆን የትኛው ሜጀር? ማይነርስ ምን ይሁን?

ሜሮን_ሲልቨር

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ 24 ክሬዲት ጨርሻለሁ፤ እስካሁን ሜጀሬ (ዋናው የትምህርት መስኬ) ጀነራል ስተዲስ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህር መሆን እፈልጋለሁ፤ 2ኛ ወይም 3ኛ ክፍል ቢሆን ደስ ይለኛል። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ሜጀር መለወጥ ስላለብኝ ምክር ፈልጌ ነው።

ኤለመንታሪ ኤዱኬሽን ልግባ ወይስ በእንግሊዝኛ ባችለር ይዤ ማስተማሩን በማስተርስ ልጨርሰው? ኧርሊ ቻይልድሁድ (የሕፃናት ትምህርት) ይሻላል የሚሉም አሉ። ለማይነር (ከሜጀሩ ጎን ለሚያዘው ትንሽ መስክ) ብዙ ሰው ሳይኮሎጂ ያዢ ይለኛል፣ ሌላው ደግሞ ኢሶል (እንግሊዝኛ ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች) ወይም ልዩ ፍላጎት ይላል። ለመሆኑ ማይነሩ ሥራ ላይ ዋጋ አለው? ሒሳብ ኮሌጅ አልጀብራ ወስጄ ቢ አግኝቻለሁ፤ ሒሳቡ በዚህ ያልቃል? ማታ ማታ ስለምሠራ የሰዓቱንም ነገር ብትነግሩኝ። የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልኝ እባካችሁ።


አጥናፍ_ም

እህት ሜሮን፣ ከላይሰንሱ፣ ማለትም ስቴቱ ከሚሰጠው የማስተማር ፈቃድ ጀምሪ። ሜጀሩ ላይሰንሱን ተከትሎ ይመጣል፣ ማይነሩ መጨረሻ ነው። ብዙ ሰው በተቃራኒው ሄዶ ነው ዓመት የሚባክንበት።

ሜሪላንድ ውስጥ ለአንቺ የሚሆኑት የላይሰንስ መስኮች ሁለት ናቸው። ኧርሊ ቻይልድሁድ ከቅድመ ኬጂ እስከ 3ኛ ክፍል ያስተምራል፤ ኤለመንታሪ ከ1ኛ እስከ 6ኛ። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ላይ ይደራረባሉ፤ ስለዚህ የምትፈልጊው ክፍል በሁለቱም ይገኛል። ልዩነቱ የሚታየው ርእሰ መምህሩ በየዓመቱ ምደባ ሲያዟዙር ነው። ኧርሊ ቻይልድሁድ የያዘች መምህር ኬጂ ልትመደብ ትችላለች፣ 4ኛ ክፍል ግን አይሰጧትም። ኤለመንታሪ የያዘችው በሚቀጥለው ዓመት 5ኛ ክፍል ሂጂ ልትባል ትችላለች፣ ኬጂ ግን አትገባም። «2ኛ ክፍል ካላገኘሁ የትኛውን እቀበላለሁ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ፤ ከሁለቱ የሚያስመርጥሽ እሱ ነው።

የእንግሊዝኛ ሜጀር በራሱ የማስተማር ፈቃድ አያሰጥም። ባችለሩ 120 ክሬዲት ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ላይሰንስ የሚያስገኝ ማስተርስ መጨመር አለበት። ይህ መንገድ ባችለሩን ለያዘ ወይም ለመጨረስ ለተቃረበ ሰው ጥሩ ነው። ገና 24 ክሬዲት ላይ ላለ ሰው ግን ጊዜውንም ክፍያውንም ያራዝመዋል።

አሁን ያለሽበት ኮሌጅ ውስጥ ማየት ያለብሽ ኤኤቲ የሚባለውን ነው፤ ለመምህርነት የተዘጋጀ የሁለት ዓመት ዲግሪ ነው። ሙሉ በሙሉ ጨርሰሽ ጂፒኤሽ (አማካይ ውጤትሽ) 2.75 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሜሪላንድ የአራት ዓመት ኮሌጆች በዚያው መስክ እንደ አንድ ጥቅል ይቀበሉታል፤ ኮርስ በኮርስ እየመነዘሩ አይጥሉብሽም። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር አንድ ነው፦ ሰው ሁለት ሦስት ኮርስ ሲቀረው «እዚያ እጨርሰዋለሁ» ብሎ ቀድሞ ትራንስፈር ያደርጋል። ያኔ ጥቅሉ ይፈርሳል፣ እያንዳንዱ ኮርስ ለየብቻው ይመዘናል። ጨርሰሽ ሂጂ። ዩኒቨርሲቲው ተቀበለሽ ማለትም የመምህርነት ፕሮግራሙ ተቀበለሽ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ፕሮግራሙ የራሱ ማመልከቻና ቀነ ገደብ ሊኖረው ይችላል። ከመሄድሽ አንድ ዓመት በፊት ቀኑን ጠይቂ።

ወደ ማይነር ስንመጣ፦ ማይነር ዩኒቨርሲቲው ትራንስክሪፕትሽ ላይ የሚጽፈው ነገር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 21 ክሬዲት። ላይሰንስ የሚሰጠው ግን ስቴቱ ነው፤ ስቴቱ ላይሰንስሽ ላይ የሚያሰፍረው የተፈቀደልሽን መስክ ነው እንጂ ማይነርሽን አይደለም። ሳይኮሎጂ መጥፎ ትምህርት ሆኖ አይደለም። ግን ለመምህር በጣም የሚጠቅሙት፣ የልጆች ዕድገትና ኤዱኬሽናል ሳይኮሎጂ፣ ቀድሞውኑ ሜጀሩ ውስጥ አሉ። ማይነሩ የሚጨምርልሽ አብኖርማል፣ ሶሻልና የመሳሰሉትን ነው፤ ላይሰንስሽ ላይ ምንም አይጨምሩም። የትምህርት ቤት ካውንስለር መሆን የሚያስብ ሰው እንኳ ኋላ ማስተርስ መማሩ አይቀርም።

ከአድቫይዘር ጋር ከመቀመጥሽ በፊት ሦስት ነገር ከፍተሽ ጎን ለጎን አስቀምጪ፦ የስቴቱን የላይሰንስ መስኮች ገጽ፣ ልትሄጂበት ያሰብሽውን ዩኒቨርሲቲ የአራት ዓመት የኮርስ ዕቅድ፣ እና አርትሲስ የሚባለውን የሜሪላንድ የትራንስፈር ሠንጠረዥ። አርትሲስ ላይ የወሰድሽውን ኮርስ ስታስገቢ እዚያኛው ትምህርት ቤት ምን ብሎ እንደሚቀበለው ያሳይሻል። «ኢሌክቲቭ» (የምርጫ ኮርስ) ብሎ ከመለሰልሽ ክሬዲቱ ተቆጥሯል፣ ግን የሚያስፈልግሽን ኮርስ አልተካም ማለት ነው። ይህን ልዩነት ብዙ ሰው አያየውም።


ብሩክታዊት_ቁጥር

ስለ ሒሳቡ እኔ ልመልስ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ኮሌጅ አልጀብራ ለኤለመንታሪ መምህር የሚፈለገውን ሒሳብ አይተካም። ካልኩለስ እንኳ አይተካውም። ኤኤቲው ውስጥ ለመምህራን ተብለው የተዘጋጁ ሦስት ተከታታይ የሒሳብ ኮርሶች አሉ፤ አንዱ በቁጥርና በስሌት፣ አንዱ በጂኦሜትሪና በልኬት፣ አንዱ በፕሮባቢሊቲና በስታቲስቲክስ ላይ ያተኩራል። አልጀብራሽ ለመግቢያ መስፈርትነት ሊያገለግልሽ ይችላል፤ ከዚያ ውጭ እንደ ኢሌክቲቭ ይቆጠራል። ሦስቱንም ኮርሶች ሁሉም ኮሌጅ በየሴሚስተሩ በማታ አይሰጣቸውም፤ ስለዚህ ሜጀር በቀየርሽበት ሴሚስተር የመጀመሪያውን ያዢ።

ኮርሶቹ የሚያስተምሩት መልስ ማግኘትን ብቻ አይደለም፤ የልጁ ስህተት ከየት እንደመጣ ማየትን ነው። እነሆ አንድ ጥያቄ፦ 1 3/4 ሊትር ወተት አለ፤ ግማሽ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ቢቀዳ ስንት ጠርሙስ ይሆናል? ደንቡን የሸመደደ ሰው ገልብጦ ያባዛና 3 1/2 ይላል። ሥዕል የሚሥል ልጅ ግን 3 ጠርሙስ ሞልቶ ሩብ ሊትር ሲተርፈው ያያል፣ ከዚያ «3 1/4» ብሎ ይጽፋል። አሁን መምህሯ ምን ትበል? «ተሳስተሃል፣ ገልብጥና አባዛ» ካለችው ትክክለኛውን ሥዕሉን ጣለችበት። ልጁ ሥዕሉ ላይ አልተሳሳተም። የተረፈው ሩብ ሊትር ነው፤ ጥያቄው ግን የሚቆጥረው በጠርሙስ ነው፣ ሩብ ሊትር ደግሞ የጠርሙሱ ግማሽ ነው። 3 1/2 የሚመጣው ከዚያ ነው። ይህን በሁለት ደቂቃ ለ10 ዓመት ልጅ ማስረዳት የሚችል ሰው ነው ኮርሱ የሚፈልገው። አገር ቤት ሒሳብ ጎበዝ የነበረ ሰው ኮርሱን ንቆ ገብቶ ሲ የሚያመጣው ለዚህ ነው፤ መልሱን ያውቃል፣ ማብራሪያው ላይ ነጥብ ያጣል። የትምህርት ኮርሶች ደግሞ ብዙ ቦታ ከሲ በታች አይቆጠሩም።

ሳይንሱም ስፋት ነው የሚፈልገው። ባዮሎጂ አንድና ሁለት ደርድሮ መምጣት አያዋጣም፤ ባዮሎጂ አንድ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪን የሚነካ አንድ፣ ስለ ምድርና ጠፈር አንድ፣ ላብ ያላቸው ቢሆኑ ይመረጣል። ለኤኤቲ የተፈቀደውን ዝርዝር ተከተይ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ንባብ ማስተማርን። ሜሪላንድ ከኤለመንታሪ መምህር ለረዥም ዓመታት 12 ክሬዲት የንባብ ኮርስ ስትጠይቅ ኖራለች። በአማርኛ ፊደል ማንበብ የጀመረ ሰው እዚህ ላይ የተለየ ልምምድ ያስፈልገዋል። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛ ንባብ ትምህርት ግን የሚጀምረው ድምፅን አንድ በአንድ ከመነጠል ነው። መርከብ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ሺፕ» ብለን ብንጽፈው ሁለት ፊደል ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አራት ፊደል ነው፤ ድምፁ ደግሞ ሦስት ነው። 1ኛ ክፍል ላይ ልጁ ሦስት ሣጥን ተሥሎለት ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ጠጠር ያስገባል። አስተማሪዋ ራሷ ሁለት ከሰማች ልጁን ታሳስታለች። በእንግሊዝኛ የበግና የመርከብ ቃላት የሚለያዩት በአናባቢያቸው ብቻ ነው፤ በጉን ከመርከቡ፣ የአናባቢውን ርዝመትና አቀማመጥ፣ በጆሮም በአፍም መለየትን ከአሁኑ ተለማመጂ። አክሰንት መኖሩ አያስፈራሽ፤ የሚፈለገው ድምፆቹን ለይተሽ መስማትሽና ለይተሽ ማሰማትሽ ነው።

ስለ ላይሰንስ ፈተና፦ ብዙ ስቴቶች የሚጠቀሙበት የፕራክሲስ መልቲፕል ሰብጀክትስ ፈተና አራት ክፍል አለው፣ ንባብና ቋንቋ፣ ሒሳብ፣ ሶሻል ስተዲስ፣ ሳይንስ። ንባቡ 80 ጥያቄ በ90 ደቂቃ፣ ሒሳቡ 50 ጥያቄ በ65 ደቂቃ ነው፤ ካልኩሌተሩ ስክሪኑ ላይ አለ። ክፍሎቹን ነጣጥሎ መውሰድ ይቻላል። የወደቀውን ደግሞ ለመፈተን 28 ቀን መጠበቅ አለ፤ ስለዚህ ፈተናውን ለመጨረሻው ወር አታቆዪው። የሒሳቡን ክፍል ሦስቱን የሒሳብ ኮርሶች በጨረስሽ ሰሞን ውሰጂው፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ እንደገና ከማንሳት ይሻላል። ከመክፈልሽ በፊት ግን የትኛውን የፈተና ቁጥር እንደሚፈልጉ የስቴቱን ዝርዝር እዪ፤ ቁጥሮቹ ይለዋወጣሉ።

አሜሪካ ተወልዶ ላላደገ ሰው የሚከብደው ሶሻል ስተዲሱ ነው። የአሜሪካ ታሪክና የመንግሥት አወቃቀር ኮርስ በጀነራል ኤዱኬሽን ምርጫሽ ውስጥ አስገቢ፤ ክሬዲቱም ይቆጠራል፣ ለፈተናውም ዝግጅት ይሆንሻል።


ጌታቸው_ፋፍሳ

ማይነሩን ከገንዘቡ ጋር አያይዤ ልመልስ።

ቲች ግራንት የሚባል የፌዴራል ገንዘብ አለ። በሕጉ በዓመት እስከ 4,000 ዶላር ነው፤ በበጀት ቅነሳ ምክንያት በተግባር የሚደርሰው ከዚያ ጥቂት ዝቅ ሲል ቆይቷል። ለባችለር በድምሩ እስከ 16,000፣ ለማስተርስ እስከ 8,000። ጂፒኤ 3.25 ይጠይቃል፣ ወይም በመግቢያ ፈተና ከ75ኛው ፐርሰንታይል በላይ መሆንን። ግዴታው ከጨረስሽ በኋላ በ8 ዓመት ውስጥ 4 ዓመት፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በብዛት በሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ እጥረት ባለበት የትምህርት መስክ ማስተማር ነው። ይህን ካላሟላሽ ግራንቱ በሙሉ ወደ ብድር ይቀየራል፤ ወለዱም የሚታሰበው ገንዘቡን ከተቀበልሽበት ቀን ጀምሮ ነው።

ወጥመዱ እዚህ ነው። ሁልጊዜ ከሚቆጠሩት መስኮች መካከል ልዩ ፍላጎት፣ ሁለት ቋንቋና እንግሊዝኛ ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ የውጭ ቋንቋ እና የንባብ ስፔሻሊስት አሉ። ሁሉንም ትምህርት የምታስተምር የ2ኛ ክፍል መምህር በዚህ ውስጥ የለችም፤ የምትቆጠረው ስቴቱ ኤለመንታሪን ራሱን በእጥረት ዝርዝር ያስገባ እንደሆነ ነው። የኢሶል ላይሰንስ ጨምረሽ ይዘሽ ግን ቀኑን ሙሉ መደበኛ 2ኛ ክፍል ብታስተምሪ ያ ዓመት አይቆጠርልሽም፤ አብዛኛው የምታስተምሪው ክፍለ ጊዜ በዚያው በእጥረት መስክ መሆን አለበት። ስለዚህ መደበኛ ክፍል ይዤ ማስተማር ነው የምፈልገው ካልሽ ቲች ግራንትን አትንኪ፤ ፔል ግራንትና (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጠው የፌዴራል ድጋፍ) የስቴት ስኮላርሺፕ ይበቃሻል። ፊርማሽ ከማረፉ በፊት ይህን አጥብቀሽ ጠይቂ።

ብድር ካለሽ ደግሞ የመምህራን ብድር ስረዛ አለ። 5 ተከታታይ ሙሉ ዓመት ዝቅተኛ ገቢ ባለበት ትምህርት ቤት ያስተማረ መደበኛ የኤለመንታሪ መምህር እስከ 5,000 ዶላር ይሰረዝለታል። የልዩ ፍላጎት መምህር ከሆነ እስከ 17,500 ይደርሳል። «ተከታታይ» የሚለውን አስምሩበት፤ አምስቱ ዓመት መሐል ላይ ትምህርት ቤት የቀየረ ሰው አዲሱም ትምህርት ቤት በዝቅተኛ ገቢ ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ላይ መኖሩን ካላረጋገጠ ቆጠራው ይሰበርበታል።

ስለ ክሬዲት ብዛት፦ ፔል ግራንት በሕይወት ዘመን 12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ነው የሚከፍለው። ፋይናንሻል ኤይድ ደግሞ በአጠቃላይ ከፕሮግራሙ ርዝመት 150 በመቶ በላይ አይሄድም፤ 120 ክሬዲት ለሚጠይቅ ዲግሪ 180 የተሞከረ ክሬዲት ማለት ነው። የጣልሽውና የወደቅሽውም ኮርስ እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ላይሰንስ ለማይጨምር ማይነር 18 ክሬዲት ማውጣት አንድ ሙሉ ሴሚስተር መሸጥ ነው።


ሰናይት_ልፍ

ወንድሜ ጌታቸው የጻፈው ልክ ነው፤ ግን 17,500 የሚለውን አይቶ ልዩ ፍላጎት የሚመርጥ ሰው እንዳይኖር ልጨምርበት።

የልዩ ፍላጎት መምህር ቀኑን የሚያሳልፈው ልጅ በማስተማር ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ ልጅ አይኢፒ የሚባል በሕግ የሚያስገድድ የትምህርት ዕቅድ አለ፤ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይከለሳል፣ ልጁ አገልግሎቱ ይገባው እንደሆነ ደግሞ ቢያንስ በየ3 ዓመቱ እንደገና ይመዘናል። ግቡ የሚለካ መሆን አለበት። «ልጁ ንባቡን ያሻሽላል» ተብሎ አይጻፍም። «ያላየውን የ2ኛ ክፍል ጽሑፍ በደቂቃ 70 ቃል በትክክል ያነባል፣ ከአምስት ሙከራ በአራቱ» ተብሎ ይጻፋል፣ ከዚያ በየጊዜው ማስረጃው ይሰበሰባል። ወላጅ፣ ሳይኮሎጂስት፣ የንግግር ቴራፒስትና ርእሰ መምህር ባሉበት ስብሰባ መምራትም አለ። ይህን ሥራ የሚወድ ሰው በጣም ይወደዋል። ለገንዘብ ብሎ የገባ ግን አምስቱ ዓመት ሳይሞላ ይወጣል፣ ስረዛውንም አያገኝም።

ሥራውን ከወደድሽው በማይነር ሳይሆን ሁለቱን ላይሰንስ በአንድ ላይ በሚያስገኝ ፕሮግራም ግቢ። ታውሰን ዩኒቨርሲቲ ኤለመንታሪንና ልዩ ፍላጎትን ያጣመረ ፕሮግራም አለው፤ ኤኤቲውም ከዚሁ ጋር እንዲሄድ ሆኖ ተቀርጿል። «ስፔሻል ኤዱኬሽን ማይነር» የሚሉት ግን ብዙ ቦታ የመስክ ልምምድ ስለሌለው ለላይሰንስ አይበቃም። አንድ ጥያቄ ብቻ ለፕሮግራሙ ኃላፊ በኢሜይል ላኪ፦ «ይህን ጨርሼ በዚህ መስክ ስቴቱ ላይሰንስ ይሰጠኛል? ካልሰጠኝ ምን ይጎድለኛል?» መልሱን በጽሑፍ ያዢው።

ኢሶልን በተመለከተ፣ ሜሪላንድ ውስጥ መስኩ ከቅድመ ኬጂ እስከ 12ኛ ክፍል ነው። ኢሶል ማለት አማርኛ ተናጋሪ ልጆችን በአማርኛ ማስተማር አይደለም፤ ከየትኛውም ቋንቋ ለመጡ ልጆች እንግሊዝኛን ከክፍል ትምህርታቸው ጋር አያይዞ ማስተማር ነው። ትምህርቱ የቋንቋ ጥናት፣ የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ ሁለተኛ ቋንቋ እንዴት እንደሚለመድ፣ የምዘና ዘዴ ይይዛል። ሜሪላንድ ዊዳ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ቋንቋ መለኪያ ስለምትጠቀም ልጆቹ በየዓመቱ አክሰስ የሚባለውን ፈተና ይወስዳሉ፣ ውጤቱም ከ1 እስከ 6 ባለው ደረጃ ይወጣል። የ2ኛ ክፍል መምህር ሆነሽም ይህን ማወቅ በየቀኑ ይጠቅምሻል፤ ደረጃ 2 ላይ ያለን ልጅ «ለምን አትጽፍም?» ከማለት «ይህን ሥዕል ከዚህ ቃል ጋር አዛምድ፣ ከዚያ በዚህ የዐረፍተ ነገር መነሻ ጀምር» ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከማይነሮቹ ውስጥ ለመደበኛ ክፍል መምህር እኔ የማስቀድመው ኢሶልን ነው፤ ከላይሰንሱ ባሻገር ትምህርቱ ራሱ ክፍል ውስጥ ይሠራል።

አማርኛሽ ለወላጆች ትልቅ ነገር ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚላኩ ጽሑፎችን ከሚያዘጋጁባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ነገር ግን በአይኢፒ ስብሰባ ላይ «አንቺ ታውቂያለሽ፣ አስተርጉሚ» ቢሉሽ ትምህርት ቤቱ ብቁ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት አስታውሻቸው። መምህርም አስተርጓሚም ሆኖ በአንድ ስብሰባ መቀመጥ ወላጁን ይጎዳል።


ጋሽ_ወርቁ

ልጆች፣ በዚሁ ላይ ልጠይቅ። አገር ቤት በባዮሎጂ ባችለር ያለው ሰው ኤለመንታሪ ለማስተማር እንደገና ከፍሬሽማን ይጀምራል? ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተመዝገብ፣ ፔል ይከፍልልሃል የሚል ምክር ይሰማል።


አጥናፍ_ም

ጋሽ ወርቁ፣ እንደገና መጀመር የለብዎትም፤ ፔል የሚለው ምክርም ልክ አይደለም። ፔል ግራንት ባችለር ለሌለው ሰው ነው፤ ከውጭ አገር የተገኘ ባችለርም እንደ ባችለር ይቆጠራል። ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ) ላይ «ባችለር አለዎት?» የሚለውን በትክክል ይሙሉ፤ ደብቆ መሙላት ኋላ ገንዘቡን ያስመልሳል።

የሚያስፈልግዎ ሰነዱን ማስመዘን ነው። ናሴስ በሚባለው ማኅበር ውስጥ ካሉ መዛኝ ድርጅቶች አንዱን ይምረጡ፤ ከሚሰጡት ዓይነቶች ውስጥ ጠቅላላውን ሳይሆን ኮርስ በኮርስ የሚዘረዝረውን ይጠይቁ። ጠቅላላው ርካሽ ነው፣ ግን «ባችለር ጋር እኩል ነው» ብሎ ያበቃል፤ ላይሰንስም ሆነ ማስተርስ የሚፈልገው ክሬዲቱንና ውጤቱን ነው። ብዙዎቹ ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ፣ በታሸገ ፖስታ ወይም በኦፊሴላዊ ኢሜይል እንዲመጣ ይጠይቃሉ። ጊዜ የሚበላው እሱ ስለሆነ፣ አገር ቤት ያለ ዘመድ ሬጅስትራር ቢሮ ሄዶ እንዲከታተል በውክልና ማስጨረስ ይሻላል። ስምዎ በፓስፖርቱና በዲግሪው ላይ በተለያየ አጻጻፍ ካለ አብረው ያያይዙት።

ከዚያ ላይሰንስ የሚያስገኝ የማስተርስ ፕሮግራም ነው። ባዮሎጂዎ የሳይንሱን ብዙ ክፍል ይሸፍንልዎታል፤ የሚጎድሉት አብዛኛውን ጊዜ ሒሳብ ለመምህራን፣ የአሜሪካ ታሪክና የንባብ ኮርሶች ናቸው። እነዚህን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በርካሽ መውሰድ ይችላሉ፤ ግን ፕሮግራሙ እንደሚቀበላቸው አስቀድመው ያረጋግጡ። ጌታቸው የጻፈው ቲች ግራንት ለማስተርስም ይሠራል፣ ግዴታውም ያው ነው። ባዮሎጂን ወድደው ያስተማሩ ከሆነ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ ላይሰንስን ጎን ለጎን ይመልከቱት፤ ዲግሪዎ ወደዚያ ይበልጥ ይቀርባል፣ ሳይንስም የእጥረት መስክ ነው።


ሜሮን_ሲልቨር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ኤለመንታሪ ኤኤቲ ልገባ ነው፤ ሳይኮሎጂውን ትቼዋለሁ። የሰዓቱ ነገር ግን አልተመለሰልኝም፤ የማታ ሥራዬን ይዤ እስከ መጨረሻው መሄድ እችላለሁ?


ብሩክታዊት_ቁጥር

እስከ ሦስተኛው ዓመት ድረስ ይቻላል፤ ከዚያ ይጠብባል።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ እንግሊዝኛ፣ ታሪክ፣ ሳይኮሎጂ በማታም በኦንላይንም ይገኛሉ። ላብ ያላቸውን ሳይንሶችና ሦስቱን ሒሳቦች በአካል መውሰድ ይሻላል። መግቢያው የትምህርት ኮርስ ግን ክፍል ውስጥ ገብቶ የማየት ሰዓት አለው፤ ልጆች የሚማሩት በቀን ስለሆነ እሱን በማታ የሚሞላበት መንገድ የለም። ከመመዝገብሽ በፊት ስንት ሰዓት እንደሆነ ሲላበሱ (የኮርሱ ዝርዝር ዕቅድ) ላይ እዪ። የጣት አሻራ ምርመራም ስለሚጠየቅ በሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንት ጨርሺው፤ የዘገየ ሰው ትምህርት ቤት መግባት ሳይችል ሰዓቱ ያልቅበታል።

ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ የማስተማር ዘዴ ኮርሶቹ በአንድ ላይ ታስረው ይመጣሉ፤ ሒሳብ ማስተማር፣ ሳይንስ ማስተማር፣ ንባብ ማስተማር በአንድ ሴሚስተር፣ ከልምምዱ ጋር። ብዙ ቦታ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጡት። ከዚያ ጥቅል አንዱን ጥለሽ ከወጣሽ የሚቀጥለው ዕድል የሚመጣው በዓመቱ ነው። በዚያ ሴሚስተር ተጨማሪ የማይነር ኮርስ አትደርቢ፤ ኢሶልን ከፈለግሽ የቋንቋ ጥናት ኮርሶቹን ቀደም ብለሽ፣ ወይም በክረምቱ (በሰመር) ዕረፍት ውሰጃቸው።

የመጨረሻው ስቱደንት ቲቺንግ (ክፍል ውስጥ የማስተማር ልምምድ) ሙሉ ቀን ነው፤ ልምምዱ ሙሉ ዓመት ሊዘልቅ ስለሚችል ርዝመቱን ከፕሮግራሙ ጠይቂ። ብዙውን ጊዜ ክፍያ የለውም። ጠዋት ከልጆቹ በፊት ትገቢያለሽ፣ ማታ የነገውን ትምህርት ታዘጋጂያለሽ። በዚያ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ሥራ የሚጨምር ሰው ወይ ዝግጅቱ ይበላሽበታል ወይ ይታመማል። ያን ወቅት የሚያሻግር ገንዘብ ከአሁኑ በየወሩ አስቀምጪ፤ ቢቻል ሥራውን ወደ ቅዳሜና እሁድ አዙሪው።

ሌላ መንገድም አለ። ኤኤቲውን ስትጨርሺ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ስላለሽ የፌዴራል ድጋፍ በሚያገኙ የታይትል ዋን ትምህርት ቤቶች ፓራኤዱኬተር (የመምህር ረዳት) ለመሆን የሚጠየቀውን የትምህርት መስፈርት ታሟያለሽ፤ ፓራፕሮ የሚባለውን ፈተና መውሰድም አይጠበቅብሽም። ሥራው ክፍል ውስጥ ስለሆነ ልምዱ ይጠቅማል። ችግሩ የቀን ሥራ መሆኑ ነው፤ የምትገቢበት ዩኒቨርሲቲ ኮርሶቹን በማታ ካልሰጠ ይጋጭብሻል። አንዳንድ የትምህርት ዲስትሪክቶች ሠራተኞቻቸውን እያስተማሩ መምህር የሚያደርጉበት ፕሮግራም አላቸው። ማመልከቻ ከማስገባትሽ በፊት የዲስትሪክቱን የሰው ኃይል ቢሮ «ፓራኤዱኬተር ሆኜ ስቱደንት ቲቺንጌን በዚያው ደመወዝ መሥራት ይፈቀድልኛል?» ብለሽ ጠይቂ። አዎ የሚሉሽ ከሆነ ቀጣዩን ጥያቄ ለዩኒቨርሲቲሽ አቅርቢ፤ ሁለቱም መስማማት አለባቸው።

ለሚቀጥለው ሴሚስተር እንዲህ ብታደርጊው ይመቻል፦ የመጀመሪያው የመምህራን ሒሳብ፣ ላብ ያለው ባዮሎጂ፣ መግቢያው የትምህርት ኮርስ፣ የአሜሪካ ታሪክ። 14 ክሬዲት አካባቢ ይሆናል። ማታ የምትሠሪው ከ25 ሰዓት በላይ ከሆነ ታሪኩን ለክረምት አስተላልፊው፤ ሒሳቡን ግን አታስተላልፊው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው እሱን ጠብቀው ነው የሚሰለፉት።